የግንባሬ ፕላስተር

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የግፊት መድኃኒትሽን "ተሻለኝ" ብለሽ እንዳታቋርጪ አደራ።

ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል ግንባሬ ላይ ያየሽው ፕላስተር የቁም ሳጥን በር መትቶኝ አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። አስታማሚ ነው የፈነከተኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የግፊት መለኪያ አንስቶ ወረወረብኝ። ሁለት ስፌት ብቻ ነው፣ አትደንግጪ።

አዳር ገብቼ ነበር። ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው መጀመሪያ እኛ ጋ ትሪያጅ ይደረጋል፤ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት ይለያል ማለት ነው። ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ ግፊቱን ለክተን ቀለም እንሰጠዋለን። ቀይ አሁኑኑ ይገባል። ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። አልጋ ሲሞላ ግን ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሰውየው ወንድም ክንዱ ተሰብሮ ቢጫ ነበር። 3 ሰዓት ጠበቀ። ከእነሱ በኋላ የመጣች ሴትዮ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ስለነበር ቀጥታ ገባች። ለአስታማሚው የታየው ግን "በዘመድ ገባች" ነው። ምን ይፈረድበታል? የትም ቢሮ ሲሄድ የሚያየው ይህንኑ ነው። የቀለሙን ነገር ደግሞ ማናችንም አላስረዳነውም። ጥበቃው አንድ ነው፤ እሱም በር ላይ ቦርሳ ይፈትሻል።

"ተይው ይሄን ሥራ" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 የጤና ሠራተኞች ከ8 እስከ 38 የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው የሆነ ጊዜ አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል ይላል። እኛ ክፍል ቢቆጠር 38ም የሚያንስ ይመስለኛል። አብዛኛው መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ፊታችንን ታጥበን እንቀጥላለን።

ያን ሌሊት ሲያብሰለስለኝ ያደረው ግን ሌላ ነው። አባዬ የታመመ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አጎቴ ነርሷን በጋውኗ አንቆ ግድግዳ ላይ ሲያስደግፋት? የጋውኗ ቁልፍ ተበጥሶ አግዳሚው ሥር ተንከባለለ። አንቺ "ይበላት!" አልሽ። እኔም 14 ዓመቴ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን ቁልፉን እንኳ ሳታነሳ፣ በአንድ እጇ ጋውኗን ይዛ የአባዬን ግሉኮስ ቀየረች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ስላልቻለችበት መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ እመጣለሁ። የኔን ነገር ለአጎቴ እንዳትነግሪው። ቆይ፣ ንገሪው።

ልጅሽ