ከጥበቃ ቤቱ አምፖል ሥር፦ የሥነ ሕይወት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የተጀመረው በአንድ ነጠላ ጫማ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ በማታ ጥናት ሰዓት፣ ከ9ኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች በአንዱ ጩኸት ተሰማ። ስደርስ አንድ ተማሪ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። የተመታችው እንሽላሊት ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ገብታለች፤ ጅራቷ ግን ወለሉ ላይ ቀርቶ ብቻውን ይንፈራገጣል። ልጆቹ ወንበር ላይ የወጡት ከጅራቱ ሸሽተው ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁና "ኑ፣ አብረን እንየው" አልኋቸው። መጀመሪያ ሦስት ልጆች መጡ፤ ጅራቱ ረግቶ እስኪቆም ድረስ ግን ክፍሉ በሙሉ ከቦኝ ነበር።

"መምህር፣ አሁንም ሕይወት አለው ማለት ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ጫማ የያዘው ልጅ ነው።

የክበቡ የዓመት ዕቅድ ስለ ችግኝና ስለ ዘር ነበር። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ዕቅዱን ለወጥን፤ አልተጸጸትሁም።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። የእንሽላሊቷ ጅራት አጥንቶች ገና ሲፈጠሩ ጀምሮ የሚለያዩበት መስመር አላቸው። አደጋ ሲመጣ ጡንቻዋን አጥብቃ በዚያ መስመር ላይ ራሷ ትቆርጠዋለች፤ ደም ሥሮቹም ወዲያው ስለሚጨመቁ ብዙ ደም አይፈሳትም። በተቆረጠው ክፍል ውስጥ የቀረው ነርቭ ጡንቻውን ለጥቂት ደቂቃዎች ያንቀሳቅሰዋል። ድመቷ ወይም ወፏ በሚንፈራገጠው ጅራት ላይ ዓይኗን ስትተክል ባለቤቲቱ ታመልጣለች። ጅራቱ ተመልሶ ይበቅላል፤ አዲሱ ግን በውስጡ አጥንት ሳይሆን እንደ ዘንግ የተዘረጋ ልምአጥንት ነው ያለው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው ስብ ያለው ጅራቷ ውስጥ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ጫማውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። "ስለዚህ ስንቋን ነው የወሰድሁባት" አለ። በሳምንቱ ደብተር ገዝቶ መጣና የክበባችን መዝጋቢ ሆነ።

መከታተያ ቦታ ያደረግነው የግቢውን በር ጥበቃ ቤት ነው። እዚያ ያለው አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ የእሳት ራት፣ ትንኝና ልዩ ልዩ በራሪ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፤ እንሽላሊቶቹም እነርሱን ተከትለው ይመጣሉ። የሌሊት ጥበቃችን ጋሼ ለዓመታት ከእነርሱ ጋር አብረው አምሽተዋል፤ እኔ ከመጽሐፍ ያነበብሁትን እርሳቸው በዓይናቸው አይተውታል። "ያ ትልቁ ለአምፖሉ ቅርብ የሆነውን ቦታ ለማንም አይለቅም፤ ሌላ ሲጠጋው ጭክ ጭክ ይልና ያባርረዋል" ብለው ለልጆቹ አሳዩአቸው። እውነታቸውን ነው፤ ወንዶቹ የአደን ቦታቸውን በድምፅም በንክሻም ይከላከላሉ። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ደግሞ በባትሪ ስንፈልግ ግድግዳው ባዶ ሆኖ እናገኘው ነበር። ነፍሳቱ ሲበተኑ አዳኞቹም ይበተናሉ። ይህን የምግብ ሰንሰለት ትምህርት በሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ስዬዋለሁ፤ እንደዚያ ግን ገብቶላቸው አያውቅም።

በእኛ አካባቢ ሁሉንም በአንድ ስም እንሽላሊት እንላቸዋለን። ሌሊት ግድግዳ ላይ የምትወጣዋ ግን ጌኮ ከሚባለው ቤተሰብ ናት። ስሙ ራሱ የመጣው በእስያ ከምታሰማው ድምፅ ነው። በሰፊው የታወቀችው የእስያዋ የቤት ጌኮ፣ ሄሚዳክቲለስ ፍሬናተስ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ ከ7.5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። በመርከብ ጭነት ተደብቃ ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ብዙ የዓለም ክፍሎች ተሰራጭታለች። ሄሚዳክቲለስ የሚባለው ወገን በአፍሪካ ቀንድም ብዙ ዝርያዎች አሉት፤ ትርጉሙም "ግማሽ ጣት" እንደ ማለት ነው።

ይህን ስም ልጆቹ የተረዱት በጥር ወር ነው። ጋሼ የጥበቃ ቤቱን የውስጥ መብራት አጠፉልን፤ እኛ ጨለማው ውስጥ ሆነን በመስኮቱ መስታወት በኩል ወደ ውጭ ማየት ጀመርን። ጌኮዋ ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች፤ ሆዷና መዳፏ ወደ እኛ ነው። አጉሊ መነጽሩን ተራ በተራ ተቀባበልን። እያንዳንዱ ጣት መሐሉ ላይ ሰፋ ብሎ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩ ሽንሽኖች አሉት። ጫፉ ላይ ግን ቀጭን ጥፍር ብቻ ነው። ስትራመድ ጣቷን ከጫፉ ጀምራ ወደ ላይ ትቆለምመዋለች፤ የተለጠፈ ፕላስተር ከዳር ተይዞ እንደሚላጠው ማለት ነው። ከዚያ መልሳ ትዘረጋዋለች። አንዲት ተማሪ "ማጣበቂያ ካላት ለምን መስታወቱ አይቆሽሽም?" ብላ ጠየቀች። ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ እጅግ የወደድሁት ይህንን ነው።

መልሱን ለመስጠት የፊዚክስ መምህሩን ጠራናቸው። ማጣበቂያ የለም። በሽንሽኖቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። እነ ኬለር ኦተም በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በትልቁ የቶኬ ጌኮ አንድ እግር ላይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፀጉሮች እንዳሉ፣ የእያንዳንዱም ጫፍ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ቅርንጫፎች እንደሚከፈል ገልጸዋል። ቅርንጫፎቹ ከግድግዳው ጋር እጅግ ስለሚቀራረቡ የቫን ደር ቫልስ ኃይል የሚባለው ደካማ መሳሳብ ይያዛቸዋል። አንዱ ብቻውን ከቁጥር አይገባም፤ ሲደማመር ግን ከክብደቷ በላይ ይሸከማል። የፊዚክስ መምህሩ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ጀምረው የቀረውን በቀመር አስረዱ።

ዓይኗን በቅርብ ለማየት ዕድል ያገኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሚከደን የዓይን ቆብ የላትም፤ በምትኩ ግልጽ የሆነ ቆዳ ዓይኗን ይሸፍነዋል። አቧራ ሲያርፍበት ምላሷን አውጥታ ትልሰዋለች። በየካቲት የትምህርት ጉዞአችን ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ የቀን እንሽላሊቶችን ስናይ ልጆቹ ራሳቸው "እነዚህስ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ" ብለው ልዩነቱን አወጡት። የሌሊቷ ዓይን ሌላም ሀብት አለው፤ የራስ ቁር ጌኮ በሚባለው ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት እኛ ሁሉም ግራጫ በሚሆንብን ደብዛዛ ብርሃን እርሷ ቀለም እንደምትለይ አሳይቷል። ስለ ጉዞውም ሆነ በሐምሌ ስለተከልናቸው ችግኞች ሌላ የምጨምረው የለም፤ ሁለቱም በሰላም ተከናውነዋል።

ከባዱ ሥራ ፍርሃትን ማላቀቅ ነበር። ከክበቡ አባላት አብዛኞቹ ሲመጡ "መርዝ አላት፤ ወጥ ውስጥ ከገባች ቤተሰብ ትጨርሳለች" የሚለውን ይዘው ነው የመጡት። መርዝ የላትም። ነገር ግን አንዲት ተማሪ አያቷ ቡና ሲያፈሉ ጠይቃቸው "ልጄ፣ ድስቱን ክደኚ ያልሁሽ ለዚህ ነው" እንዳሏት ስትነግረን፣ አያቲቱ ትክክል መሆናቸውን በክፍል ፊት ተናግሬአለሁ። በጌኮ ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ኩሱ በቀላሉ ይለያል፤ ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው፤ ነጩ የሽንቷ አሲድ ነው። ምግብ መክደን፣ ከነኳት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ለዚህ እርሷን መግደል አያስፈልግም።

በተቃራኒው ደግሞ ሁለት ተማሪዎች "ጌኮ ወባን ታጠፋለች" የሚል ጽሑፍ በትልቅ ወረቀት አዘጋጅተው ነበር። እንዲያርሙት አደረግሁ። ትንኝ ትበላለች፤ ይሁን እንጂ አጎበርን አትተካም። የምንወደው ፍጡር ስለሆነ ብቻ የሌለውን ሙያ ልንሰጠው አይገባም። ልጆቹ ትንሽ ከፋቸው፤ በማግስቱ ግን "ከትንኞች ጥቂቱን ትበላለች፤ አጎበር ይዘርጉ" ብለው አስተካክለው ለጠፉት።

መዝጋቢያችን በጫማ የመታትን ጌኮ "ቆራጣዋ" ብሎ ሰየማት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ወራት እርሷም ሌሎቹም ብዙ አልወጡም፤ ሙቀታቸውን ከአካባቢው ስለሚያገኙ ቀዝቃዛ ሌሊት ያደክማቸዋል። ልጁ በእነዚያ ሳምንታት የደብተሩን ገጽ እያጠቆረ "አልታየችም" የሚል ቃል ብቻ ጻፈ። በጥር ስትመለስ ጅራቷ አጠር ብሎ፣ ልስልስ ብሎ፣ ቀለሙም ከሌላው ሰውነቷ የተለየ ሆኖ በቅሎላት ነበር። በየካቲት መጨረሻ በመስታወቱ በኩል ሆዷን ስናይ በስሱ ቆዳዋ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ክቦች ጎልተው ታዩ። ጌኮ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ነው።

መጋቢት ላይ ጋሼ ከግድግዳው ላይ ካለው የቁልፍ ሳጥን ጀርባ ሁለት እንቁላሎች አገኙ፤ ነጫጭ፣ ሽምብራ የሚያህሉ፣ ቅርፊታቸው የጠጠረ። እናቲቱ ጥላቸው ሄዳለች፤ ጌኮ አታቅፍም። የቆራጣዋ ናቸው ብሎ የሚምለው መዝጋቢያችን ነው። በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ማለዳ አንደኛው ቅርፊት ተሰንጥቆ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማታ ከአምፖሉ ራቅ ብሎ፣ ትልቁ ወንድ በማይደርስበት ጥግ፣ ርዝመቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የጌኮ ልጅ አንዲት ትንኝ አድብቶ ሲይዝ አየን። ሁለተኛው እንቁላል እስካሁን አልተፈለፈለም።

በክረምቱ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ሊቀባ ስለነበር ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን ሳጥኑ ሳይነሳ እንዲታለፍ ተፈቀደልን። አሁን ግድግዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ፣ በሳጥኑ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል አሮጌው አረንጓዴ ቀለም እንዳለ ቀርቷል።