የሌአሂ የንጋት ጉዞ ለምን በሦስት ወር ብቻ ተወሰነ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ከሚደርሱን ጥያቄዎች ሁሉ አንዱ ይበዛል፤ «ሆኖሉሉ የምንመጣው በጁን ነው፤ ዳይመንድ ሄድ (በሃዋይኛ ሌአሂ) የተባለው ተራራ አናት ላይ ሆነን ፀሐይ ስትወጣ ማየት እንፈልጋለን» የሚል ነው። በጁን አንወስዳችሁም። ይህን ጉዞ የምናካሂደው ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 22 እስከ የካቲት 21 ግድም ብቻ ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁ፣ ለምን በሌሊት እንደምንቀሰቅሳችሁና ቁርሱ ለምን ተራራው አናት ላይ እንደማይቀርብም አብሮ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ሰዓት ሁሉ የአበሻ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ስንል የሃዋይ ስልክ 5:00 ይላል፤ ንጋት 12 ሰዓት ስንል 6:00 ይላል። ይህን እዚህ የምንጽፈው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሚፈጠረው ስህተት ጉዞ የሚያስቀር ስለሆነ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ በአበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ከቆጠረ አንዳቸው ይቀራሉ።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በበሩ ነው። ዳይመንድ ሄድ፣ በሃዋይኛ ሌአሂ፣ የግዛቱ መናፈሻ ነው፤ በሩ የሚከፈተው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት መኪናም እግረኛም አይገባም። በጁን መጀመሪያ ላይ ሆኖሉሉ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ግድም ሲቀረው ነው፤ በሩ ሳይከፈት ወጥታ አልቃለች። በጃንዋሪ አጋማሽ ግን እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ትዘገያለች። ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ወለል እስከ አናቱ ያለው መንገድ 1.3 ኪሎ ሜትር ሲሆን 171 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በጨለማ፣ በቡድን፣ ልጅና አዛውንት ይዞ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። መኪና ማቆሚያውንና የመግቢያ ፍተሻውን ስትጨምሩበት፣ ፀሐይዋ ቢያንስ ከ12 ሰዓት ከ45 በኋላ መውጣት አለባት። ይህ የሚሆነው በእነዚህ ሦስት ወራት ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ ወይም በማርች መጨረሻ ሮጦ የሚደርስ ጎበዝ አይጠፋም፤ እኛ ግን ሰው በጨለማ ደረጃ ላይ እንዲሮጥ አናደርግም።

ሁለተኛው ምክንያት የፀሐይዋ መውጫ ነው። ከአናቱ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ ኮኮ ሄድ የተባለው ኮረብታ ፊት ለፊታችሁ ነው። በክረምቱ፣ ማለትም በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዞራ ትወጣለች። ስለዚህ ከኮኮ ሄድ በስተቀኝ፣ ከባሕሩ በኩል ብቅ ስትል ታይዋታላችሁ። በሃዋይ በጋ፣ ማለትም በጁን ግድም፣ ግን መውጫዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞርና ተራሮቹ ይሸፍኗታል። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን የሞሎካይ ደሴት ከባሕሩ ማዶ እንደ ጥላ ይታያል። ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎችም ለመውለድ ወደ ሃዋይ የሚመጡት በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ብርሃኑ ሲገለጥ ከባሕሩ ላይ የሚተነፍሱትን ነጭ የውኃ ጭስ ፈልጉ። ከሦስቱ ወራት ጃንዋሪን እናስበልጣለን። ፀሐይዋ በጣም የምትዘገየው ያን ጊዜ ስለሆነ መጣደፍ የለም፤ የዲሴምበር የመጨረሻ ሳምንት ግን የበዓል ሰው ይበዛበታል።

የማለዳው አካሄድ እንዲህ ነው። ዋይኪኪ ካለው ሆቴላችሁ በር ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ከሩብ እንወስዳችኋለን። መኪና የሚገባው የጉድጓዱን ግድግዳ በሚሰነጥቀው ዋሻ በኩል ብቻ ነው፤ ሰልፉም በሩ ሳይከፈት ይጀምራል። 12 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው ሰልፉ ላይ ካልቆምን ቀድመውን የገቡት መኪኖች ሩብ ሰዓት ይበሉብናል፤ ያ ሩብ ሰዓት ደግሞ የፀሐይዋ ነው። ስለዚህ ሆቴል በር ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አንጠብቅም። መጸዳጃ ቤት ያለው መነሻው አጠገብ ብቻ ነው፤ መንገዱ ላይም አናቱም ላይ የለም። ልጆች ያላችሁ ይህን አትርሱ።

ስንጀምር ገና ጨለማ ነው። በጃንዋሪ ሰው ያለ መብራት እግሩን አይቶ መራመድ የሚችለው ከ12 ሰዓት ከ45 በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ አናቱ ጋ ደርሰናል። ለእያንዳንዱ ሰው በግንባር የሚታሰር ባትሪ እንሰጣለን። ብርሃኑን ሁለት እርምጃ ፊታችሁ መሬት ላይ አድርጉት፤ ከፊት ያለውን ሰው ፊት ላይ ካበራችሁበት ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይታየውም። የስልክ መብራት አንድ እጅ ስለሚይዝ አንመክረውም፤ ሁለቱም እጆቻችሁ ለመደገፊያው ብረት ያስፈልጋሉ።

መንገዱ ሲጀምር ሲሚንቶ ነው፣ ለጥ ያለም ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ ቀላል መስሎት ይፈጥናል። ቀጥሎ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ወጣ ገባ ድንጋይ ይመጣል፤ አመድ ተጠቅጥቆ የሆነ አለት ስለሆነ የብዙ ሰው ጫማ አልሶታል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ከዚያ 74 ደረጃ፣ ከዚያ 69 ሜትር ገደማ የሚሆን መብራት ያለው ጠባብ ዋሻ፣ ከዚያ ቀጥ ያሉ 99 ደረጃዎች፣ በመጨረሻም አናቱ ላይ ባለው የድሮ የጦር ምሽግ ውስጥ የሚሽከረከር ደረጃ አለ። ከምሽጉ የሚወጣው ጎንበስ ብሎ ነው፤ ረጃጅሞች ግንባራችሁን ጠብቁ። 99ኙ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው አብዛኛው ሰው ደረጃው ስለከበደ አይደለም፤ ታች ባለው ለጥ ያለ መንገድ ላይ ስለፈጠነ ነው። አስጎብኚያችን ሆን ብሎ በዝግታ ይመራል፤ ከ10 ሰው በላይ ለአንድ አስጎብኚ አንሰጥም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ፣ የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ከዋሻው በፊት ካለው መመልከቻ ላይ ሆኖ መጠበቅም ይቻላል፣ አንድ ሰው አብሯችሁ ይቆያል።

መንገዱ የተሠራው በ1908 ለአሜሪካ ጦር ነው። አናቱ ላይ ያለው ምሽግ ባሕር ዳር ለተተከሉት መድፎች አቅጣጫ የሚሰጥበት ነበር፤ ደረጃው እንዲህ የጠበበውና የቆመው ለወታደር እንጂ ለጎብኚ ስላልታሰበ ነው። አናቱ ከባሕር ወለል 232 ሜትር ነው። ጉድጓዱ በፈነዳ ጊዜ ነፋሱ አመዱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለነዳው ያ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ብሎ ቀረ፤ የምንወጣውም እሱን ነው። ዳይመንድ ያሉት እንግሊዛውያን መርከበኞች ናቸው፤ በድንጋዩ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ካልሳይት አልማዝ መስሏቸው ነው። ሌአሂ የሚለው ስም ደግሞ የጠርዙ ቅርጽ የአሂን፣ ማለትም የቱናን ዓሣ ግንባር ስለሚመስል ነው ይባላል።

ፀሐይዋ በሰዓቷ ካልታየች አትዘኑ፣ ቶሎም አትውረዱ። በባሕሩ ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ደመና ይተኛል፤ ከተባለው ሰዓት 5 ወይም 10 ደቂቃ ዘግይታ ከደመናው በላይ ትወጣለች። ደስ የሚለው ቀለም የሚታየውም ከመውጣቷ 15 ደቂቃ አስቀድሞ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያስተካክል ያልፈዋል። እስከ 1 ሰዓት ከ20 ቆይተን እንወርዳለን። የመኪና ማቆሚያው ፈቃድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መውጣት አለብን። ስትወርዱ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ ደረጃውን በጎን ውረዱ። ስንወጣ ወድቆ የተጎዳ ብዙም የለም፤ የሚያንሸራትተው ሲወርዱ ነው።

ቁርሱ ታች የሆነው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። አናቱ ጠባብ ነው፣ ይነፍሳል፣ ሰዓትም የለንም። ቅዳሜ ከሆነ ከጉድጓዱ ማዶ ባለው በካፒኦላኒ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት የገበሬዎች ገበያ ስላለ እዚያው ትኩሱን እንበላለን። በሌላው ቀን በ1877 የተከፈተው የካፒኦላኒ መናፈሻ ዛፍ ጥላ ሥር የቁርስ ሳጥናችሁን እንሰጣችኋለን።

በሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ በግልጽ እንንገራችሁ፤ ብዙ ቤተሰቦቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው። ስፓም ሙሱቢ የሚባለው የሃዋይ ሰው በየጠዋቱ የሚበላው ነው፤ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ሲሆን በላዩ ላይ ያለው ሥጋ የአሳማ ነው። ካላዘዛችሁን በስተቀር በሳጥናችሁ አይገባም፤ በእሱ ፋንታ የእንቁላል ወይም የቶፉ ሙሱቢ እናስገባለን። ማላሳዳ በ1878 መምጣት የጀመሩት ፖርቱጋሎች ያመጡት ነው፤ ቦምቦሊኖን የሚያውቅ ሰው ማላሳዳን ያውቀዋል፣ ስኳር ላይ ተንከባሎ ይቀርባል። ትኩስ ካልተበላ ግን ዋጋ የለውም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ እርጥበት ስቦ ይቀልጣል፣ ሊጡም ይከብዳል። ስለዚህ ዘግይተን ነው የምንገዛው። በውስጡ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አለ።

ወቅቱ በጾመ ነቢያት ላይ ስለሚያርፍ፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም ስለሚከተል፣ የጾም ሳጥን ለብቻ እናዘጋጃለን። ደስ የሚለን የሃዋይ ጥንታዊ ምግብ ለጾም የሚመች መሆኑ ነው። ካሎ የሚሉት የእኛው ጎደሬ ነው። ተቀቅሎ ተወቅጦ በውኃ ሲቀጥን ፖይ ይባላል፣ በጣት ይበላል፤ ትኩሱ ጣፈጥ ይላል፣ ቀን ሲያድር ይኮመጥጣል። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ፖይን ከታመነ ቤት እንጂ ከየትም አንገዛም። ኩሎሎ ጎደሬና የኮኮናት ወተት ከስኳር ጋር ለሰዓታት በስሎ የሚሠራ ጠንከር ያለ ጣፋጭ ነው። ሃውፒያ ደግሞ እቤታችሁም የምትሠሩት ነው፤ 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 6 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና 180 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበቃል። ስታርቹን በቀዝቃዛው ውኃ አስቀድማችሁ በጥብጡት፤ ትኩሱ ወተት ላይ ደረቁን ከጨመራችሁት ይጓጉላል። ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ እስኪወፍርና የጥሬ ስታርች ጣዕሙ እስኪጠፋ አብስሉት፤ ቶሎ ካወረዳችሁት አይረጋም። በትሪ ገልብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ ቆራርጡት። ሳጥኑ በፓፓያና በአናናስ ይሞላል። በጾም ሳጥን ውስጥ ዓሣ አናስገባም፤ ሩዙ ላይ የሚነሰነሰው ፉሪካኬ የዓሣ ዱቄት ስለሚኖረው እሱንም እንተዋለን። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ሳጥናችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ረመዳን በዚህ ወቅት ሲውል ሙስሊም ደንበኞቻችንም እንዲሁ፤ ጉዞው አጭርና ማለዳው ቀዝቃዛ ቢሆንም ሱሁር ላይ ውኃ በደንብ ጠጡ።

ቡናው ኮና ከተባለው የሃዋይ ቡና አብቃይ አካባቢ ነው፣ ሙሉ በሙሉ። «የኮና ቅልቅል» ከሚለው ተጠንቀቁ፤ የግዛቱ ሕግ ለዓመታት የጠየቀው 10 በመቶ ኮና ብቻ ስለሆነ ቀሪው ከየትም ሊሆን ይችላል።

ልብስና ጫማ፦ ሶሉ የሚይዝ ስኒከር፣ ቀለል ያለ የነፋስ ጃኬትና ግማሽ ሊትር ውኃ። የክረምት ማለዳ ወደ 20 ዲግሪ ነው፤ ላብ ያጠመቀው ሰው ግን አናቱ ላይ ነፋስ ሲመታው ይበርደዋል። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣን ሰው አናስወጣም። ድሮን በመናፈሻው የተከለከለ ነው።

ከዋሽንግተን ለምትመጡ የ5 ሰዓት ልዩነቱ ይጠቅማችኋል፤ በደረሳችሁ በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በራሳችሁ ትነቃላችሁና ያን ቀን ምረጡ። ከአዲስ አበባ ልዩነቱ 13 ሰዓት ስለሆነ እስከ ሦስተኛው ቀን ብታርፉ ይሻላል።

ቀለል ያለ ካፊያ ካለ እንሄዳለን፤ ቶሎ ያልፋል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ መናፈሻው ከተዘጋ ግን ወደ ሌላ ቀን እናዛውራችኋለን ወይም ገንዘባችሁን ሙሉውን እንመልሳለን።

በጁን የምትመጡና ንጋትን ማየት የግድ የምትሉ፣ ማዊ ደሴት ላይ ሃሌአካላ አለ። ከፍታው 3,055 ሜትር፣ ማለትም እንደ እንጦጦ ስለሆነ ንፋሱና ብርዱ ከባድ ነው፤ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ለሚገባ መኪና አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው፤ ቦታው ከ60 ቀን በፊት ይለቀቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ያለ እኛ ሌአሂን በቀን ለመውጣት ከፈለጋችሁም የግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከሜይ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ቦታ መያዝ አለበት፤ መግቢያው በሰው 5 ዶላር፣ የመኪና ማቆሚያው 10 ዶላር ነው።

ስትመዘገቡ የሰዎቹን ቁጥርና የልጆቹን ዕድሜ፣ የሆቴሉን ስም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የጾም ወይም የፍስክ ሳጥን መሆኑን፣ እንዲሁም የለውዝ፣ የአኩሪ አተር ወይም የስንዴ አለርጂ ካለ ጻፉልን። ጎደሬውና ኩሎሎው የሚታዘዙት አስቀድሞ ስለሆነ ይህ መረጃ ከጉዞው 3 ቀን በፊት ይድረሰን።

ከአክብሮት ጋር፣
የንጋት ጉዞ አስተባባሪዎች
ሆኖሉሉ