አዋሽን በጎርፉ ብቻ አትጥሩብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ አገራችን ወንዞች ያወጣችሁትን ዘገባ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ዓባይን ማወደሳችሁ ደስ ይላል፤ ይገባዋል። ለአዋሽ የደረሰችው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በየክረምቱ አፋርን የሚያጥለቀልቅ ወንዝ»። በቃ? ይኼው ነው አዋሽ?

እኔ የአፋሯ አሚባራ ልጅ ነኝ። ጎርፉን ከእናንተ በላይ አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት የአባቴን ፍየሎች ጠርጎ ወስዷል። በማግስቱ ጋዜጠኛ መጣ፣ ውኃውን ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። አባቴን አንድ ቃል አልጠየቀውም። ዛሬም እንደዚያው ናችሁ።

ዓባይ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚሁ ነው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ወንጂ ስኳር የሚያመርተው በማን ውኃ ነው? መተሐራስ? አዳማ የሚጠጣው ከየት የመጣ ነው? በአዋሽ ላይ የተሠሩት ኃይል ማመንጫዎች፣ ኮካ፣ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3፣ ስንት ዘመን መብራት ሰጡ! የእኛ አካባቢ ጥጥም ያለ አዋሽ አይበቅልም። ለዚያ ጥጥ የተወሰደው መሬት ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን ይዞ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። ይህንን ማን ይጻፍልን?

ወደ ጎርፉ ልመለስ፣ እሱን ስለምትወዱት። ጎርፉ ዝም ብሎ አይመጣም። ደጋው ላይ ዛፍ ይመነጠራል፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ደለሉ ኮካ ግድብ ገብቶ ይተኛል። ግድቡ በደለል በሞላ ቁጥር የሚይዘው ውኃ ያንሳል። ክረምት ሲበረታ ትርፉ ይለቀቃል። የት ይሄዳል? እኛ ቤት። የአዲስ አበባ ቆሻሻም በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ ከታች ያለው ሰውና ከብት ያንኑ ይጠጣል። ዘገባችሁ ግን ጥፋቱን ሁሉ በወንዙ ላይ ጫነው። ወንዙ ምን አጠፋ?

ሌላ ጊዜ ጋዜጠኛ ስትልኩ ሐምሌና ነሐሴን አትጠብቁ። በየካቲት ይምጣ፣ ውኃው በሚቀጥንበት፣ ገበሬውና አርብቶ አደሩ በተራ በሚሻሙበት ጊዜ። ከወንጂ ይነሳና እስከ አሳይታ ይውረድ። ሰዎቹን ያናግር። እስከዚያው ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአሚባራ