ስለ ህንድ በረራ ያወጣችሁት ላይ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ እስራኤል ሰራዊት የጨረሱ ልጆች ወደ ህንድ ስለሚያደርጉት ጉዞ ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ቆንጆ ነበር፣ ግን ቴል አቪቭ ሙምባይ 4,050 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በረራው 5 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። ኪሎ ሜትሩስ እሺ፣ እሱ ካርታ ላይ ቀጥ አርገው ሲያሰምሩ ሚመጣ ቁጥር ነው፣ አውሮፕላን ግን በሰው አገር ሰማይ ላይ በፈቃድ ነው ሚያልፈው።

እኛ ደሞ ይሄን በደንብ ነው ምናውቀው! የእስራኤሉ አየር መንገድ ኤል አል በሳውዲ ላይ ማለፍ ስለማይችል ስንት ዓመት ሙሉ በቀይ ባህር ቁልቁል ወደ ኢትዮጵያ አቅጣጫ ወርዶ ከዛ ነበር ወደ ምስራቅ ሚታጠፈው፣ የ5 ሰዓቱ መንገድ 7 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ያኔ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሿ አውሮፕላን ወደ ታች ወደ ታች ስትል አይተው "ልጄ፣ ወደ ጎንደር ነው እንዴ ሚወስዱን?" አሉኝ፣ ሳቄ መጣ ግን እውነታቸውን ነው።

በ2018 ማርች ላይ ኤር ኢንዲያ ከዴልሂ ቴል አቪቭ በሳውዲ ላይ እንዲበር ተፈቀደለት፣ ኤል አል ግን አልተፈቀደለትም፣ እንዴት ተወዳድሬ እችላለሁ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ሳውዲ ለሁሉም የከፈተችው በ2022 ጁላይ ነው፣ እሱም ቢሆን ከሳውዲ ቀጥላ መንገዱ ላይ ያለችው ኦማን እምቢ ስላለች ብዙም አልጠቀመ፣ ኦማን በ2023 ፌብሩዋሪ ስትፈቅድ ነው መንገዱ የተቃናው።

ሌላው ሚገርመው ዴልሂም ከቴል አቪቭ በቀጥታ ሲለካ ከሙምባይ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል፣ ግን ቀጥታው መስመር በኢራቅና በኢራን በኩል ስለሆነ ማንም በዛ አይወስዳችሁም። ያ የመጀመሪያው የኤር ኢንዲያ በረራ በሳውዲ አልፎም ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የፈጀው። ወደዚህ ሲመጣ ደሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ በተለይ በብርዱ ወራት፣ ስለዚህ መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል።

ቲኬት ላይ ያለውን ሰዓትም አስረዱልን፣ ህንድ በብርዱ ወራት በ3 ሰዓት ተኩል ትቀድመናለች፣ እኛ በሙቀቱ ወራት ሰዓታችንን ወደፊት ስንገፋ ደሞ በ2 ሰዓት ተኩል። ለምሳሌ በብርዱ ወቅት በ22:00 ተነስቶ 5 ሰዓት የበረረ ሰው እዛ ሲደርስ በህንድ ሰዓት ጠዋት 6:30 ነው ሚለው፣ ቤተሰብ ደሞ ቲኬቱን አይቶ ስምንት ሰዓት ተኩል ሙሉ አየር ላይ ነው ብሎ ይጨነቃል (በእኛ አቆጣጠር ለሚቆጥሩት ወላጆች ሲሆን ደሞ አስቡት)።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትጽፉ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና አሁን በየት በኩል እንደሚበር፣ መሄጃው ስንት መመለሻው ስንት ሰዓት እንደሆነ ከራሱ ከአየር መንገዱ ጠይቃችሁ አውጡልን፣ በዚህ ጊዜ ሰማይ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ስለሚችል መቼ እንደጠየቃችሁም ቀኑን ጻፉበት።

አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ