ስለ ባቡሩ መጠይቅ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ከድሬዳዋ ሐረር በወር ኮንትራት ለምትመላለሱ እና በሠራተኛ ሰርቪስ ለምትጓዙ ደንበኞቻችን በሙሉ፣

ረዳቶቻችን በየመኪናው የሚያድሉት ወረቀት ቅሬታ እንዳስነሳ ሰምተናል። አንዳንዶቻችሁ «ባቡር እንዳይመጣ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው» ብላችኋል። ወረቀቱ የፊርማ ቦታ የለውም፤ ስምም አይጠይቅም፤ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት አይቀርብም። ስለ መመላለሻ ባቡር በየሻይ ቤቱ በሚወራበት ሰሞን እኛ ሁለት ሚኒባስ በብድር ልንጨምር አስበናል። ብድር ከመግባታችን በፊት ተሳፋሪያችን ምን እንደሚል መስማት ነበረብን። ነገሩ እንጀራችንን ይነካል፤ አንደብቅም። ለዚህም ነው አጠያየቃችንን ማስረዳት ያለብን።

«ባቡር ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የለም። ድሬ ላይ ይህን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ከተማዋ ራሷ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ትባል የነበረች ናት። ከዘመዶቹ አንዱ በምድር ባቡር ድርጅት ያልሠራ ነባር የከዚራ ሰፈር ሰው ማግኘት ይከብዳል። መልሱ «አቦ፣ ይምጣልን!» እንደሚሆን ሳንጠይቅም እናውቀዋለን። ከበርጫ በኋላ የተሞሉትን ወረቀቶችማ ለብቻ ነው ያስቀመጥናቸው፤ በምርቃና እስከ ሐረር ሐዲድ የማይዘረጋ ሰው የለም።

ስለዚህ የጠየቅነው ሌላ ነው። ጠዋት ስንት ሰዓት ከቤት ትወጣላችሁ? እስከ ጣቢያው ባጃጅ መያዝ ግድ ቢሆን ትሄዳላችሁ? ባቡሩ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቢመላለስስ? «ይምጣልን» ያለው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዞ ቆም ይላል። ታይዋን ገበያ የምትነግድ አንዲት እናት ረዳታችንን «ልጄ፣ መጀመሪያ ማዳበሪያዬን ያስገባልኛል ወይ በለው» ብለውታል። ማዳበሪያ ያሉት ዕቃ የሚሞሉበትን ከረጢት ነው። እኛ ያላሰብነው ጥያቄ ስለነበር በሁለተኛው ዙር ወረቀት ላይ ጨምረነዋል።

ከመልሶቹ የተረዳነው ትልቁ ነገር፣ ሰዉ «ባቡሩ» ሲል ስለ አንድ ባቡር እንደማያወራ ነው። ከፊሉ የሚያስበው ከከተማ ውጭ ያለውን አዲሱን ጣቢያ ከመሀል ከተማ የሚያገናኝ አጭር መስመር ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር ደስ ያላለው አልነበረም፤ ግን ከባቡሩ ወርዶ ሻንጣ ተሸክሞ ከባጃጅ ጋር መከራከር የተለመደ ሆነ። ይህን አጭር መስመር የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቢሠራ እኛም ከደጋፊዎቹ ነን፤ የጣቢያ ምልልሳችን ቢቀርም።

ሌላው ግማሽ የሚያወራው ስለ ሐረር ነው፤ እዚህ ላይ በመንገዱ ያለውን የደንገጎን ተራራ መርሳት አይቻልም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ባቡር በአንድ ኪሎ ሜትር ከ20 ሜትር ብዙም አልፎ መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ዳገቱን ብቻ ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተራራውን እየዞረ መሄድ አለበት፤ ካልሆነም ተራራው ይበሳል። የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ፈረንሳዮቹ ሐረርን ትተው በቆላው ያለፉት ይህን ወጪ ፈርተው ነው። ዛሬ አይቻልም ማለታችን አይደለም፤ ዋጋው ግን ከቲኬቱም ከመንግሥት ካዝናም የሚወጣ ነው። የሐረርን መስመር የደገፉት አብዛኞቹ ደግሞ ስለ ቲኬት ዋጋ ለቀረበው ጥያቄ ዛሬ ለሚኒባስ ከሚከፍሉት በታች ነው የጻፉት።

ሐዲዱ ከተሠራ በኋላ ያለው ወጪም አለ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ለረጅም ጊዜ ቆመዋል። ስለ ጥገና የጻፈ ተሳፋሪ ግን እስካሁን አላገኘንም።

የእኛ ወረቀት የከተማው ድምፅ አይደለም። የጠየቅነው መኪናችን ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው። በእግሩ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ሥራ የሚገባውን፣ በባጃጅ የሚሄደውን፣ መጓጓዣ ጠፍቶ ሥራ የተወውን አላገኘነውም፤ መመላለሻ ባቡር ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመው እሱን ሊሆን ይችላል። ውጤቱን «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ብሎ የሚያሰራጭ ካጋጠማችሁ ከእኛ የወጣ አይደለም።

የባቡሩ ነገር እስኪለይ ከሁለቱ ሚኒባሶች አንዱን ብቻ ለሐረር መስመር እንገዛለን። ለጣቢያው ምልልስ ግን ረጅም ኮንትራት አንዋዋልም፤ በየወሩ ይታደሳል። የወር ክፍያችሁ በዚህ ምክንያት አይጨምርም። ወረቀቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ እና በሶማሊኛ አለ፤ ያልሞላችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ለረዳቱ ስጡት፤ ከተቻለ ከምሳ በፊት ተሞልቶ።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ አስተዳደር፣ ድሬዳዋ