ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ለሚተከለው እንሰት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሰበታ ብርዱ በርትቷል እንጂ።

በስልክ ያልሽኝን አሰብኩበት። ሱሉልታ ከተማሪዎችሽ ጋር እንሰት መትከላችሁ ደስ ብሎኛል፤ ግን ያሰባችሁት ግማሹን ነው። መትከሉ ቀላሉ ሥራ ነው። ፍቆና አብላልቶ ምግብ የሚያደርገው እጅ ከሌለ የምታበቅሉት ኮባ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር አካባቢ ሰው እንሰት ሲመገብ አይቶ ጽፏል። ዛሬ እዚያ ተክሉ በየጓሮው ቆሟል፤ ሰዉ ግን ቅጠሉን ለዳቦ ይወስድና ሌላውን ይተወዋል። በደቡብ ደግሞ ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ይኖርበታል። ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ዶርዜው ሁሉ የየራሱ ዘርና የየራሱ አሠራር አለው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዛፉ፣ ቡናውና እንሰቱ አንድ ላይ የሚለሙበት የአባቶችና የእናቶች እውቀት ነው የተቆጠረው።

ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ከተማሪዎችሽ መካከል አያቷ እንሰት የምትፍቅ ልጅ ፈልጊ። አይጠፋም። አያቲቱን እንግዳ አድርገሽ ንግግር እንድታደርግ አይደለም የምትጠሪያት፤ እንደ መምህር ነው፤ ቢላውን፣ ዶማውን፣ ቅጠሉን ይዛ እንድታሳይ። ዕለቱን የምትወስነውም እሷ ትሁን።

አሁን ወደ ተከላው። እንሰት ዘር ተዘርቶበት አይለማም፤ ሰዉ ችግኝ የሚያወጣው ከእናቲቱ ሥር ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆናትን ጤነኛ እንሰት በበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ነቅላችሁ ግንዷን ከሥሯ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፦ መሀል ለመሀል ያለውን ነጭ እምብርት በቢላ ጫፍ ቆፍራችሁ አውጡ። እምብርቱ ከቀረ እዚያው አንድ ግንድ ሆኖ ያድጋል፤ ከወጣ ግን ዙሪያዋን ቡቃያ ታወጣለች፤ ከአንዷ ከአርባ በላይ ሊገኝ ይችላል። ባዶውን ቦታ በአፈርና በደረቀ ፍግ ሙሉት፤ እርጥብ ፍግ ግን ያበሰብሳታል። ለጥቂት ቀናት ጥላ ሥር ቁስሏ ይድረቅ፣ ከዚያ አናቷ በስሱ አፈር እስኪለብስ ቅበሯት። ሁለት ሦስት ወር ጠብቁ። ልጆች ቶሎ ቶሎ አፈሩን እየጫሩ ያያሉ፤ የሚወጣው ቡቃያ እንዲሰበር የሚያደርገው እሱ ነው፤ ስለዚህ በእሾህ ከልሉት።

ቡቃያዎቹ ዓመት ሲሞላቸው ተለያይተው ተጠጋግተው ይተከላሉ፣ ሲጠነክሩ እንደገና ይነቀሉና ይሰፋሉ። በመጨረሻው ቦታ በመደዳ 1.5 ሜትር፣ በመደዳና በመደዳ መሀል 3 ሜትር ያህል ይበቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ማዛወሩ ለቅንጦት አይደለም፤ ግንዱን የሚያወፍረው እሱና ፍጉ ነው። ሱሉልታ ብርቱ ውርጭ አለባት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ችግኙን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት በሣር ሸፍኑት፣ ዝቅ ያለው የግቢው ጥግም ለእሱ አይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር ወደዚያ ይወርዳል። ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ በብርድ አገር ደግሞ ወደ ሰባቱ ያዘነብላል። አንደኛ ክፍል የተከለ ልጅ ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ይፍቀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር በሽታ ነው፤ እዚህ ላይ አጥብቀሽ ያዢኝ። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ መሀል ያለውን ለጋ ቅጠል ቢጫ አድርጎ ያጠወልገዋል፣ ቆይቶ ተክሉ ሁሉ ይወድቃል። የቅጠሉን አንገት ብትቆርጪው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ካንጠባጠበ እሱ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ምንነቱን ለይተውታል፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ሙዝ ተሻግሮ በ2001 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ደርሷል። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ በጥልቅ መቅበር፣ ቢላውን ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ ከብት እንዳይገባበት ማጠር ነው። ፍልፈልና ጃርትም ያዛምቱታል።

የእኛ አካባቢ ትልቁ አደጋ ግን ከብቱ አይደለም፤ ለድፎ ዳቦ ኮባ የሚቆርጠው ጎረቤት ነው። የበዓል ዋዜማ አንድ ቢላ ይዞ ከግቢ ግቢ ሲዞር በሽታውንም ይዞ ይዞራል። ኮባ ለለመናችሁ ራሳችሁ ቆርጣችሁ ስጡ፣ የውጪውን አሮጌ ቅጠል ብቻ። ለጋውን ያስለመዳችሁ እንደሆነ ግንዱ ቀጥኖ ይቀራል።

ሲደርስ፣ አበባ ከማውጣቱ በፊት ወይም ገና ብቅ ሲል ነው የሚቆረጠው፤ አበባው ከገፋ ግንዱ ያጠራቀመውን ስታርች ፍሬው ይበላዋል። ፋቂዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ዘንበል ባለው ጣውላ ላይ የግንዱን ልባስ በእግሯ ተጭና ትይዛለች፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቃለች። እጅ ከከበደ ቃጫው ይበጠስና ከቆጮው ይቀላቀላል፤ ከቀለለ ደግሞ ምግቡ ቃጫው ላይ ይቀራል። ሥሩ ተፈቅፍቆ ይጨመራል። ከፍቁ የሚጨመቀው ውሃ ሲጠል ታች የሚቀረው ነጭ ቡላ ነው። የቀረው በኮባ በደንብ ተደርቦ በተነጠፈ ጉድጓድ ከድሮ ቆጮ በተወሰደ እርሾ ይብላላል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። በየጊዜው ተከፍቶ ይገለበጣል፣ ያረጀው ኮባ ይለወጣል። ኮባው ከተቀደደ አየር ይገባና ይጠቁራል፤ የጎርፍ ውሃ ከገባ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉድጓዱ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። በሞቃት አገር በሳምንታት ይደርሳል፤ በእናንተ ብርድ ወራት ይፈልጋል።

ስለ ጤናውም ላንሳ፣ ወላጆች መጠየቃቸው አይቀርም። ቆጮም ቡላም ኃይል ሰጪ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። ባለቤቶቹ ብቻውን የማይበሉት ለዚህ ነው፤ ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከባቄላ፣ ካለም ከክትፎ ጋር ያቀርቡታል። ለሕፃን የቡላ ገንፎ ከሆነ ወተት ወይም እንቁላል ይግባበት። አስታራ የሚባለውን የጉራጌ እንሰት አሚቾ፣ ሥሩን ማለቴ ነው፣ ለተሰበረ አጥንት ቀቅለው ያበላሉ። ጥሩ ምግብ ነው፤ የተሰበረ ልጅ ግን አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እናት እንሰት ከገበያ አትግዢ፣ ከየት እንደመጣች አይታወቅም። ከእኛ ጓሮ ሁለት፣ ሌሎቹን ደግሞ ዘራቸው የተለያየ እንዲሆን ከወልቂጤ ሰው አስመጣለሁ። ለጊዜው የምፈልገው የግቢውን ልክና ውሃ የሚተኛበትን ጥግ ነው፤ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ደውይልኝ።

እናትሽ