ሬዲዮው ለምን ዝም አለ? የኤሌክትሮኒክስ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የኤሌክትሮኒክስ ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ጉዳይ ነው፤ መሥራት ባቆመ የመኪና ሬዲዮ። መስከረም ላይ ተማሪዎቹን ምን እንሥራ ስላቸው ሮቦት ያሉ ነበሩ፣ ድሮን ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ጥሩ ሐሳብ ነው። ለጀማሪ ግን ሬዲዮ የተሻለ አስተማሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሠራ ይሰማል፣ ሲበላሽ ዝም ይላል። ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ሽቦው፣ አንቴናው፣ ስፒከሩ ሁሉም በእጅ ይነካል። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የሚቀረው የኦም ሕግ እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ት/ቤታችን ያለው ፒያሳ አጠገብ ነው። ልጆቹ የሚመጡት ከሽሮ ሜዳ፣ ከአዲሱ ገበያ፣ ከተክለሃይማኖት፣ ከአራት ኪሎ ነው። ብዙዎቹ በታክሲ ወይም በሰርቪስ ይመጣሉ። ጠዋት ዜናና ሙዚቃ የሚሰሙት መኪና ውስጥ ነው። ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እያሉ ቁጥሩን ከስሙ ጋር አብረው ነው የሚጠሩት። ሜጋኸርዝ (ሞገዱ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነገርበት ቁጥር) ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሥራ ራሱ መጣልን። የት/ቤታችን የሰርቪስ ሚኒባስ ሬዲዮ ድንገት ቆመ። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። ሾፌራችን ወደ ክበቡ ክፍል ብቅ ብለው «ልጆች፣ ይሄ ነገር አበቃለት መሰለኝ፤ እስቲ እዩልኝ» አሉ። ልጆቹ ገና ሳያዩት ፈረዱበት። «ተቃጥሏል!» «ይቀየር!» «ሱማሌ ተራ በሽ ነው!» እውነት ነው፣ ሱማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም። ግን ሬዲዮው ራሱ መበላሸቱን ማን አረጋገጠ? የክበባችን ሕግ የወጣው ያን ዕለት ነው። ሳይለካ የሚቀየር ዕቃ የለም።

ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ከሬዲዮው ጋር አብሮ የቆመ ሌላ ነገር አለ ወይ? አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ አንድ በአንድ ሞከረች። የጣሪያው መብራት ይበራል። ጡሩምባው ይሠራል። ከዚያ «ጋሼ፣ ስልክዎን ቻርጅ የሚያደርጉበትስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እሱማ ቻርጀሩ ተበላሽቷል» አሉ። ሌላ ቻርጀር ሰካች። እሱም አልሠራም። ልጅቷ ወዲያው ገባት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቆመ ምንጩ አንድ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ቶዮታዎች የሲጋራ መለኮሻው ሶኬትና ሬዲዮው ቁልፍ ሲዞር የሚመጣላቸውን ኤሌክትሪክ ከአንድ ፊውዝ ይካፈላሉ። ሬዲዮው ሰዓትና ጣቢያ የሚያስታውስበት መስመር ደግሞ ከጣሪያው መብራት ጋር በሌላ ፊውዝ በኩል ያልፋል። መብራቱ ስለበራ ያኛው ፊውዝ ደህና ነው ማለት ነው። አንድም ብሎን ሳይፈታ የሚጠረጠረው ቦታ ጠበበ።

ፊውዙን አወጣነው። ሰማያዊ ነው፣ 15 አምፒር። መሃሉ ተበጥሷል። የፊውዝ ቀለም መጠኑን ይናገራል። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፒር ነው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ፊውዝ ይከታል፣ እሱም ይበጠሳል። ሲሰለቸው ትልቅ ፊውዝ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀማል። ይህን በክበባችን በጥብቅ ከልክያለሁ። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦው ከመጋሉ በፊት ቀድሞ እንዲበጠስ ነው። በ15 ቦታ 30 ከገባ ቀድሞ የሚግለው ዳሽቦርድ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። እሱ ደግሞ እሳት ነው።

ስለዚህ አዲሱን ከመክተታችን በፊት የድሮው ለምን ተበጠሰ አልን። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ውስጥ በስልክ መብራት ስናይ የአንድ ርካሽ ቻርጀር ጫፍ ከነስፕሪንጉ ተነቅሎ ቀርቷል። መሃል ያለውን ፖዘቲቭ ከዳሩ ኔጋቲቭ ጋር አገናኝቶታል። የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈታ፣ ብረቷ ወጣች፣ ያው የ15 አምፒር ፊውዝ ገባ። ሬዲዮው በራ። ቻርጀሩም አብሮ «ዳነ»።

ሾፌራችን ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። «ይሠራል፤ ግን ጉድጓድ ስንገባ ይቋረጣል። ድምፅ ስጨምርም ይጠፋል» አሉ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይህ ሁለተኛው ብልሽት ነው።

ደህና ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ስለሚሞላው ወደ 14 ይጠጋል። ልጆቹ ባትሪውን ለኩ፣ ደህና ነው። ከሬዲዮው ጀርባ ሶኬቱ ላይ ለኩ፣ እዚያም 12.5 አለ። «ቲቸር፣ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ እንግዲህ ሬዲዮው ነው» አሉኝ። ሬዲዮውን አብርታችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ለኩ አልኳቸው። 10 ቮልት አካባቢ ወረደ። ጭነት በሌለበት የተለካ ቮልት ያታልላል። ይህን ነገር ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አያውቁትም።

2 ቮልቱ የት ገባ? የቴስተሩን፣ ማለትም የቮልት መለኪያውን፣ አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሬዲዮው ጥቁር ሽቦ ላይ አደረግን። ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ዜሮ አካባቢ ማሳየት ነበረበት። ድምፁ ሲጨመር ግን ወደ 2 ቮልት ወጣ። ጥቁሩ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው በመኪናው ቦዲ በኩል ነው፤ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ብሎን ዝጎ ኖሯል። ሬዲዮው ያን ጊዜ 4 አምፒር ያህል ይስብ ነበር። በኦም ሕግ ቮልቱ ለአምፒሩ ሲካፈል የቦታው ሬዚስታንስ ይገኛል፤ 2 ለ4 ሲካፈል ግማሽ ኦም ይመጣል። «ግማሽ ኦም ምን አላት?» ያለ ልጅ ነበር። ሰሌዳ ላይ አሰላነው። 2 ቮልት በ4 አምፒር ሲባዛ 8 ዋት ነው። ያ ሁሉ በአንዲት ብሎን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ መቋረጡ ቀረ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ብልሽት ሲመጣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ነው የሚለካው። ልክ ነው።

ሽቦ መለየትም የዓመቱ ትልቅ ሥራ ነበር። በሱቅ ለየብቻ የሚሸጡ ሬዲዮዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቀለም ይከተላሉ። ቢጫው ቀጥታ ከባትሪ ነው፣ መቼም አይቋረጥም። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ይመጣል። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ሰማያዊው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንቴና ማስነሻ ነው። ነጭና ግራጫ የፊት ስፒከሮች፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የኋላ ናቸው። ከመኪናው በኩል የሚመጣው ሽቦ ግን እንደየፋብሪካው ይለያያል። ስለዚህ ቀለም ዓይቶ ማገናኘት አይበቃም፣ ይለካል። አንድ የሚጠቅም ምልክት ልንገራችሁ። ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚረሳ፣ ቁልፍ ሲዞር ግን ደህና የሚሠራ ሬዲዮ ካያችሁ፣ ቢጫውና ቀዩ ተለዋውጠው ታስረው ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ሶኬቱ ራሱ ሁለቱን አዘዋውሮ ስለሚመጣ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ከወላጅ መጣ። የአንድ ተማሪያችን እናት ቪትዝ አላቸው። ሬዲዮው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። «ሲያሰኘው ይሠራ ነበር፤ አሁን ሽሽሽ ብቻ ሆኗል» አሉን። ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የጃፓን የቆዩ ሬዲዮዎች ኤፍ ኤም የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። እኛ አገር ከ87.5 እስከ 108 ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ጣቢያ ከ90 በላይ ስለሆነ ሬዲዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ከአንቴናውና ከሬዲዮው መሃል አንዲት ትንሽ ሣጥን ትገባለች። ኮንቨርተር ይሏታል። የመጣውን ሞገድ ከራሷ ሞገድ ጋር ቀላቅላ ወደ ታች ታወርደዋለች።

የእርሳቸው ኮንቨርተር 20 ሜጋኸርዝ የምታወርድ ነበረች። ልጆቹ ሠንጠረዥ ሠሩ። ሸገር 102.1 በሬዲዮው ላይ 82.1 ይሆናል። ፋና 98.1 ደግሞ 78.1። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ደግሞ 77.1። አዲስ አበባ ኤፍ ኤም 96.3 ደግሞ 76.3፣ ልክ ጠርዙ ላይ። አፍሮ ኤፍ ኤም 105.3 ወደ 85.3 ይወርዳል። «ከ96 በታች ያለውስ?» ያለች ልጅ ነበረች፤ መልሱን ራሷ አገኘችው። 20 ሲቀነስ ከ76 በታች ስለሚሆን ሬዲዮው አይደርስበትም። መቀነስ የሚችል ሰው ሁሉ የሚገባው ፊዚክስ ነው፤ ክፍሉ በደስታ ነው የተማረው።

ብልሽቱ ምን ነበር? ኮንቨርተሯ የምትሠራው በ12 ቮልት ነው። ከሬዲዮው ቀይ ሽቦ ላይ ተቀጥላ፣ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልላ ነበር። ናስትሮው በሙቀት ላልቶ ሽቦዋ ሾልካለች። ተበየደች፣ ተሸፈነች፣ ሬዲዮው ተናገረ። እናትየዋ ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዡን መኪናቸው ውስጥ ለጥፈውታል።

በዚሁ አጋጣሚ አንቴናንም አየን። ሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለ100 ሜጋኸርዝ ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ይሆናል። ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። የድሮ መኪኖች አንቴና ለምን ያን ያህል እንደሚረዝም ልጆቹ በዚህ አወቁ። ተራ አንቴና ሲመረመር ደግሞ የመሃሉ ሽቦና ዙሪያውን ያለው መሸፈኛ ፈጽሞ መነካካት የለባቸውም። ውኃ ገብቶ ካገናኛቸው ጣቢያው ሁሉ ይደክማል።

መብራቱ እየበራ ድምፅ የሌለው ሬዲዮ ስፒከሩ ይጠረጠራል። አብዛኛው የመኪና ስፒከር 4 ኦም ነው። ቴስተር የሌለው ሰው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃዋል። ሽቦዎቹን ከሬዲዮው ነቅሎ ለአፍታ ሲያስነካቸው ስፒከሩ «ጠቅ» ካለ ጤነኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በር በሚከፈትበት ማጠፊያ ላይ፣ ጎማው ውስጥ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዛሬ ሬዲዮዎች የስፒከር ሁለቱም ሽቦ ከኔጋቲቭ የተለየ ነው። አንዱን ከቦዲ ጋር ማሰር ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል።

ባትሪ ከተፈታ በኋላ ኮድ የሚጠይቅ ሬዲዮ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ የሌባ መከላከያ ነው። ቁጥሩ በመኪናው ደብተር ላይ ይፈለጋል እንጂ አይገመትም። በግምት መሞከር ያስቆልፈዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ጥያቄ መጣ። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ልጆቹ በየመንገዱ እያዩዋቸው ነው። የእነሱም ሬዲዮ የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ብርቱካናማው ወፍራም ገመድ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድበት ስለሆነ በክበባችን አይነካም። ኤር ባግ ላይ ያሉት ቢጫ ሶኬቶችም እንደዚያው።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ልጆቹ ጣውላ ላይ ሬዲዮ፣ አንቴና፣ ሁለት ስፒከርና 12 ቮልት ዘረጉ። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አደረጉ። ከጀርባ አንዱን ያጠፉና ወላጅ በቴስተር እንዲፈልገው ይጠይቃሉ። ወላጆች ወረፋ ይዘው ሞከሩ። ሾፌራችን የጥቁሩን ሽቦ መቋረጥ ከሁሉም ቀድመው አገኙት። ልጆቹ በጣም ተደሰቱባቸው። እኔም ኮራሁ።

ለ2018 ዓ.ም. ምዝገባው መስከረም ላይ በፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማንም መግባት ይችላል። ቤት ውስጥ የማይሠራ የመኪና ሬዲዮ ያለው ቤተሰብ ቢሰጠን እንቀበላለን። ስትፈቱት አደራ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይቅደም፤ ሶኬቱንና የአንቴናውን ገመድም አትቁረጡብን።